ዶፉስ ሬትሮን ከዜሮ መጀመር፦ ከመጀመሪያው ካሬ እስከ መጀመሪያው ዳንጀን

ዶፉስ ሬትሮ ጣቱ የፈጠነ የሚያሸንፍበት ጌም አይደለም። የሚያሸንፈው የት መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ነው። ውጊያው ተራ በተራ ነው። ተራችሁ ሲደርስ በእጃችሁ ያለው 6 የድርጊት ነጥብና 3 የእርምጃ ነጥብ ነው፣ በቃ። በድርጊት ነጥብ ትመታላችሁ፣ በእርምጃ ነጥብ ትራመዳላችሁ። ሌቭል 100 ስትደርሱ አንድ የድርጊት ነጥብ ይጨመርላችኋል፤ ሌላው ሁሉ ከትጥቅ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይህችን ጥቂት ነገር ማብቃቃት ገና ከመጀመሪያው መለመድ አለበት።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። አንካማ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዶፉስን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ2009 መጨረሻ ሁለተኛው ዶፉስ መጣና መልኩም ሕጉም ተቀየረ። የድሮውን የሚወዱት ግን አልረሱትም። በ2019 ኩባንያው የመጨረሻውን አሮጌ ቨርዥን፣ 1.29ን፣ ዶፉስ ሬትሮ ብሎ በአዲስ ሰርቨሮች ከፈተው። መሬቱ በካሬ የተከፋፈለ፣ ከላይ በጎን የሚታይ፣ በእጅ የተሳለ የሚመስል ዓለም ነው። ጌሙ ስሙን ያገኘው ሁሉም ከሚፈልጋቸው፣ ዶፉስ ከሚባሉት የዘንዶ እንቁላሎች ነው።

ከመግባታችሁ በፊት

ጌሙን ከአንካማ የራሱ ላውንቸር ብቻ አውርዱ። ሌላ ቦታ የሚገኝ «የተሻሻለ» ፋይል አትንኩ፤ አካውንት የሚሰረቀው በብዛት በዚህ መንገድ ነው። ፓስወርዱ ሌላ ቦታ የማትጠቀሙበት ይሁን። ተጨማሪውን የመለያ ማረጋገጫም ገና በመጀመሪያው ቀን አብሩት።

ያለ ክፍያ መጀመር ይቻላል፤ ነገር ግን የምትደርሱበት ቦታ የተገደበ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት በነፃው ክፍል ውጊያውን ሞክሩት። ውጊያው ካልጣማችሁ የቀረው ዓለም አያስደስታችሁም።

ሰርቨር ስትመርጡ አንድ ነገር ብቻ እዩ። በአንዳንዶቹ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አንድ ካራክተር ብቻ ነው የሚያስገባው። በሌሎቹ አንድ ሰው ስምንት አካውንት ከፍቶ ብቻውን ሙሉ ቡድን ሆኖ መዞር ይችላል። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያውን ዓይነት ምረጡ። እዚያ ሰው ሰው ይፈልጋል። ግሩፕ ለማግኘትም ይቀላል። አብዛኛው ተጫዋች የሚያወራው በፈረንሳይኛ መሆኑን ግን ከወዲሁ እወቁት።

ክላስ መምረጥ

ክላስ ማለት የካራክተራችሁ ዓይነት ነው፤ አሥራ ሁለት አለ። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት የሚበጁትን ልንገራችሁ።

ኢዮፕ ቀጥተኛ ነው። ተጠግቶ ይመታል፣ በኃይል ይመታል። ከመጀመሪያው ሌቭል ጀምሮ ወደ ጠላት የሚዘልበት አስማት አለው። ደግሞም ለጀማሪ ሕይወትን የሚያቀለው ትጥቅ በአብዛኛው ለጉልበት የተሠራ ስለሆነ ዕቃ ማግኘት አይከብደውም።

ክራ ቀስተኛ ነው። ከሩቅ ይወጋል፣ ቀርበው ሲይዙት ግን ይቸገራል። ለኔ ጌሙን በትክክል ለመማር ከክራ የተሻለ የለም፤ ምክንያቱም ቦታ ካልመረጣችሁ ወዲያው ትከፍሉበታላችሁ።

ኤኒሪፕሳ ፈዋሽ ነው። አብረዋችሁ የሚጫወቱ ጓደኞች ካሉ ሁሌም የሚፈለግ ክላስ ነው፤ ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን መጀመሪያው ዝግ ይላል። ኤኑትሮፍ ሀብት ፈላጊ ነው። ሌሎቹ በ100 የፍለጋ ነጥብ ሲጀምሩ እሱ በ120 ስለሚጀምር ከጭራቅ ብዙ ዕቃ ይሰበስባል። ሳክሪዬር ሲመቱት የሚጠነክር ነው፤ ሕይወት ላይ የሚያፈሰው እያንዳንዱ ነጥብ እጥፍ ይሆንለታል። ኦሳሞዳስ እንስሳት እየጠራ ያዋጋል።

የጠላትን የድርጊት ነጥብ የሚሰርቀውን ዜሎርንና ወዳጅም ጠላትም ተሸክሞ የሚወረውረውን ፓንዳዋን ለሁለተኛ ካራክተር አቆዩአቸው። ሁለቱም ድንቅ ናቸው፣ ግን የሚያምርባቸው ውጊያውን በሚያውቅ ሰው እጅ ነው።

ነጥብ መበተን የለም

ብዙ ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

በየሌቭሉ 5 የባሕርይ ነጥብና 1 የአስማት ነጥብ ታገኛላችሁ። የባሕርይ ነጥቡ የሚገባባቸው ስድስት ናቸው፦ ሕይወት፣ ጥበብ፣ ጉልበት፣ አእምሮ፣ ዕድልና ቅልጥፍና። ጉልበት የመሬትን ጉዳት ያሳድጋል። አእምሮ የእሳትን ጉዳትና ፈውስን፣ ዕድል የውኃን ጉዳትና የፍለጋ ነጥብን፣ ቅልጥፍና ደግሞ የአየርን ጉዳት ያሳድጋል። ጥበብ ልምድ በፍጥነት እንድትሰበስቡ ይረዳል፤ ግን አንዷ ጥበብ 3 ነጥብ ትበላለች። ስለዚህ ጥበብን ከትጥቅ ፈልጉት እንጂ ነጥባችሁን አታፍሱበት።

ከመሬት፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከአየር አንዱን ያዙና በእሱ ሂዱ። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ለኢዮፕ ጉልበት እስከ 100 ድረስ 1 ለ1 ነው፤ ማለትም አንድ ነጥብ አንድ ጉልበት ይሰጣል። አእምሮ ግን 1 ለ1 የሚሆነው እስከ 20 ብቻ ነው። ከ21 እስከ 40 እያንዳንዷ 2 ነጥብ ትበላለች፣ ከ41 እስከ 60 ደግሞ 3። ሌቭል 21 ስትደርሱ በድምሩ 100 ነጥብ ሰብስባችኋል። ጉልበት ላይ ካፈሰሳችሁት 100 ጉልበት ይሆናል። አእምሮ ላይ ካፈሰሳችሁት ያው 100 ነጥብ 53 ብቻ ይሰጣችኋል። ዋጋው ከክላስ ክላስ ስለሚለያይ የመደመር ምልክቷን ከመጫናችሁ በፊት የእናንተን ክላስ ሰንጠረዥ እዩ።

ይህ ቁጥር ውጊያ ላይ ምን ይሆናል? መነሻ ጉዳቱ 10 የሆነ የመሬት አስማት አለ እንበል። 100 ጉልበት ካላችሁ 10 የነበረው 20 ይሆናል። 50 ብቻ ካላችሁ 15። ከትጥቅ የሚገኝ ቋሚ ጉዳት ደግሞ ከዚህ በኋላ ነው የሚደመረው፤ 3 ካላችሁ 20ው 23 ይሆናል። በዝቅተኛ ሌቭል የአስማቶቹ መነሻ ትንሽ ስለሆነ ይህች 3 ቀላል አይደለችም። ሁለት ቀለበት ስታወዳድሩ ቋሚ ጉዳት ያለውን አትናቁት።

የአስማት ነጥብም እንደዚሁ ነው። አስማትን ከ1 ወደ 2 ማሳደግ 1 ነጥብ፣ ከ2 ወደ 3 ደግሞ 2፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 ይበላል። አንዱን እስከ 5 ለማድረስ በድምሩ 10 ነጥብ ያስፈልጋል። ሌቭል 21 ላይ 20 ነጥብ ስላላችሁ ሁለት አስማት ሙሉ በሙሉ ማሳደግ ትችላላችሁ። አንዱ ዋና መምቻችሁ ይሁን፤ ሌላው የሚገፋ፣ የሚያስዘልል ወይም የሚያጠነክር። ስድስተኛው ደረጃ ገና ሌቭል 100 ላይ ስለሚጀምር ለጊዜው እርሱት። ነጥብን መልሶ ማስተካከያ መንገድ በጌሙ ውስጥ አለ፤ ለጀማሪ ግን ቅርብ አይደለም። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ነጥቡን ሳትነኩ ጥቂት ሌቭል ብትጠብቁ ምንም አይጎዳችሁም።

የመጀመሪያው ውጊያ

ጭራቆቹ ሜዳው ላይ በግሩፕ ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። ማውሱን ስታስጠጉባቸው የእያንዳንዳቸው ሌቭል ይወጣል። ድምሩ ከናንተ ብዙ የሚበልጥ ከሆነ እለፉት፤ ሌላ ግሩፕ ይመጣል።

ከመግባታችሁ በፊት ተቀመጡ። ካራክተራችሁ ሲቀመጥ ሕይወቱ በፍጥነት ይሞላል። ዳቦ መብላትም ይቻላል። ይህ የቅንጦት ነገር አይደለም። ማን ቀድሞ እንደሚጫወት የሚወስነው ኢኒሼቲቭ የሚባለው ቁጥር የሕይወት ነጥባችሁ ሲጎድል አብሮ ይወርዳል። ግማሽ ሕይወት ይዞ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ ደካማ ሆኖ ይገባል፣ ቀድመውም ይመቱታል።

ውጊያው ሲጀመር መሬቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ካሬዎች ይበራሉ። አንደኛው ቀለም የናንተ ነው። ቦታ ቀይሩ፤ መጀመሪያ የተቀመጣችሁበትን ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ተጠግታችሁ የምትመቱ ከሆነ ቅርቡን፣ ቀስተኛ ከሆናችሁ ሩቁን። ከጀርባችሁ ማምለጫ መኖሩንም እዩ። ጥግ ላይ የተቀመጠ ቀስተኛ አንድ ተራ ብቻ ነው የሚደሰተው።

አሁን አንድ ውጊያ በቅርብ እንይ። ክራ ናችሁ። ከፊታችሁ አንድ ጎቦል አለ፤ ጎቦል በግ መሳይ፣ ቀንዳም፣ ተጠግቶ የሚነክስ ጭራቅ ነው። መጀመሪያ የምትማሩት ካሬ መቁጠርን ነው። በሰያፍ መራመድ የለም፤ አንድ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ ከሄዳችሁ ሁለት እርምጃ ነው። ጎቦሉ በመጀመሪያ ተራው ስንት ካሬ እንደሄደ ቁጠሩ። 4 ሄደ እንበል። እንግዲህ 5 ካሬ ላይ ከቆማችሁ አራቱን ይራመድና አጠገባችሁ ደርሶ ይነክሳል። 6 ካሬ ላይ ከቆማችሁ አራቱን ሄዶ አንድ ይጎድለዋል፤ ተራው ባዶ ያልፋል። የአንድ ካሬ ልዩነት ነው፤ ግን አንድ ሙሉ ንክሻ ያስቀርላችኋል።

ቀጥሎ ያለው ተራ ይከብዳል። ጎቦሉ 2 ካሬ ላይ ቆሟል። ብትመቱትና በ3 የእርምጃ ነጥባችሁ ብታፈገፍጉ 5 ካሬ ላይ ናችሁ፤ ማለትም ይደርስባችኋል። እዚህ ላይ ነው የሚገፋው ቀስት የሚመጣው። ክራ ከሌቭል 1 ጀምሮ አለው። ጎቦሉን በቀጥታ መስመር ላይ ሆናችሁ ብትወጉት አንድ ካሬ እንኳን ቢገፋ 3 ላይ ይሆናል። ከዚያ ሦስት ስታፈገፍጉ እንደገና 6 ላይ ናችሁ። አሁንም ይራመዳል፣ አሁንም አይደርስም። ይህን የምታደርጉት ግን ቦታ እስካለ ድረስ ነው፤ ለዚህ ነው ከጀርባችሁ ያለውን ሜዳ አስቀድማችሁ እዩ ያልኩት።

ኢዮፕ ከሆናችሁ ነገሩ ይገለበጣል። ሊደርስባችሁ የማይችል ርቀት ላይ ቁሙ፣ ጭራቁ እርምጃውን ሁሉ ጨርሶ ይምጣ፣ ከዚያ ሙሉ 6 ነጥባችሁን ይዛችሁ ቀድማችሁ ምቱ። ሮጦ የሚደርስ ሳይሆን ቀድሞ የሚመታ ነው የሚጠቀመው።

የእይታ መስመርን አትርሱ። ድንጋይ፣ ዛፍ፣ ሌላ ጭራቅ፣ የራሳችሁ ጓደኛም ሳይቀር መካከል ላይ ከቆመ ይጋርዳል። ከሩቅ የሚወጋ ጠላት ካለ ከሌላው ጭራቅ ጀርባ ግቡ። በተራችሁ ደግሞ አንድ እርምጃ ወጣ በሉ፣ ምቱ፣ የቀሩትን ሁለት እርምጃዎች ተጠቅማችሁ ተመለሱ። ጉድጓድ ግን እግር እንጂ ዓይን አያግድም። ጉድጓድ ማዶ ያለ ቀስተኛ ያያችኋል፣ ይወጋችኋል፤ እናንተ ግን አትደርሱበትም።

ጠላት አጠገባችሁ ከቆመ መውጣት ሁልጊዜ አይሳካም። ጌሙ ቅልጥፍናችሁን ከሱ ጋር ያወዳድራል፤ ጠላት ወይ ይይዛችኋል ወይ ይለቃችኋል። ከያዛችሁ የእርምጃ ነጥባችሁ ይሄዳል፤ ከድርጊት ነጥባችሁም ይቀነሳል። ስለዚህ የመያዝ ዕድላችሁ ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ ምቱ፣ ከዚያ ለመውጣት ሞክሩ። ወይም ጭራሽ አትንቀሳቀሱ፣ እሱን ግፉት። ግድግዳ ላይ የተገፋ ጭራቅ በግጭቱ ራሱ ይጎዳል።

ሌላው ብዙ ሰው ቶሎ የማያውቀው ነገር የመክሸፍ ሕግ ነው። በያዛችሁት መሣሪያ ስትመቱ ከከሸፈ ተራችሁ እዚያው ያልቃል፤ የቀረው ነጥብ ሁሉ ይባክናል። ስለዚህ መጀመሪያ አስማት፣ ከዚያ እርምጃ፣ መሣሪያ መጨረሻ።

ከሞታችሁ የኃይል ነጥብ ይቀነሳል። ሙሉው 10,000 ነው። ሌቭላችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር የምታጡት ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ሞትን አትፍሩ፣ ሞክሩ። ዜሮ ከገባ ግን መንፈስ ትሆኑና ወደ ሕይወት የሚመልሳችሁን የፊኒክስ ሐውልት ፍለጋ በእግር ትዞራላችሁ።

ከኢንካርናም ወደ አስትሩብ

የምትጀምሩት ኢንካርናም በሚባለው የጀማሪዎች ምድር ነው። እዚያ ብዙ አትቆዩ። መቁጠርና መቆም እስክትለምዱ ከተጫወታችሁ ይበቃል። ለጀማሪ የተሠራውን የአድቬንቸረር ትጥቅ ሰብስባችሁ አስትሩብ ወደምትባለው ከተማ ውረዱ።

አስትሩብ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ዛፑን ፈልጉ። ዛፕ ከቦታ ወደ ቦታ የሚወስድ በር ነው። እዚያ ላይ መመለሻችሁን መዝግቡ፤ ስትሞቱ የምትመለሱት እዚያ ነው። አዲስ አካባቢ በገባችሁ ቁጥር ዛፑን ንኩት፤ ያልነካችሁት ዛፕ በኋላ መድረሻ ሆኖ አይከፈትላችሁም።

በከተማው ውስጥ ፒዊ የሚባሉ ትናንሽ ወፎች አሉ። ስድስት ቀለም አላቸው። ላባቸው በየቀለሙ የተለየ ትጥቅ ይሠራል፤ እያንዳንዱም የየራሱን ባሕርይ ያሳድጋል። የናንተን የሚያሳድገውን ቀለም ብቻ አሳዱ፣ የቀሩትን ላባዎች ሽጡ። በዚህ ጌም የአንድ ስብስብ ዕቃዎችን አብራችሁ ስትለብሱ ተጨማሪ ጉርሻ ስላለ፣ ከየቦታው ከተለቃቀመ ጥሩ ዕቃ ሙሉ ስብስብ ይሻላል። ዕቃ ስትገዙ ቁጥሮቹን አንብቡ። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ኮፍያዎች አንዱ ከሌላው በጣም ሊሻል ይችላል።

ካማ ማግኘት

ካማ የጌሙ ገንዘብ ነው። ለጀማሪ ሁለት መንገድ ይበቃል።

አንደኛው ሙያ ነው። ገበሬ ስንዴ ያጭዳል፣ እንጨት ቆራጭ ዛፍ ይጥላል፣ ማዕድን ቆፋሪ ብረት ያወጣል፣ አልኬሚስት ተልባ ይለቅማል። አንዱን ምረጡ፤ ሁለተኛ ሙያ ለመማር የመጀመሪያው ሌቭል 30 መድረስ አለበት። መሥሪያው የሚያዘው በመሣሪያ ቦታ ስለሆነ ማጭድ እንደያዛችሁ ውጊያ ውስጥ እንዳትገቡ። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ገበሬን ነው። ስንዴው ዳቦ ይሆናል፣ ዳቦ ደግሞ የማይፈልግ ተጫዋች የለም።

ሁለተኛው ገበያው ነው። ዕቃ የሚሸጠው በ1፣ በ10 እና በ100 ጥቅል ነው። የጥቅሎቹን ዋጋ ሁልጊዜ ለአንድ ፍሬ አስሉት። ቸኩሎ አንድ አንድ የሚገዛ ሰው ስለማይጠፋ፣ መቶውን በርካሽ ገዝቶ በአስር በአስር መሸጥ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ለመሸጥ ስታስቀምጡ ክፍያ ስላለ ዋጋውን ደጋግሞ መቀየር ትርፋችሁን ይበላል።

ከሰው ጋር በቀጥታ ስትለዋወጡ ከመስማማታችሁ በፊት ዕቃውን እንደገና እዩት። በመጨረሻዋ ሰከንድ ዕቃ የሚቀይር አለ። «ካማህን ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልሳለሁ» የሚልን ደግሞ መልስ እንኳን አትስጡት።

የመጀመሪያው ዳንጀን

ከአስትሩብ ቀጥሎ የምትሄዱት አማክና ወደሚባለው ምድር፣ ወደ ጎቦሎቹ ነው። መጀመሪያ ሜዳ ላይ ተዋጉ፤ ሱፋቸውና ቆዳቸው የጎቦል ትጥቅ ይሠራል። ይህ ትጥቅ ጉልበትና አእምሮ ስለሚሰጥ ለኢዮፕም ለኤኒሪፕሳም ይሆናል። በግሩፕ ውስጥ የጎቦሎች የጦር አለቃ ካያችሁ ግን ብቻችሁን አትግቡ።

ከዚያ የጎቦል ዳንጀን አለ፤ ዳንጀን ማለት ጭራቆች የሞሉበት፣ መጨረሻው ላይ አለቃቸው የሚጠብቅበት ቦታ ነው። ለመግባት ቁልፍ ያስፈልጋል፤ ገበያ ላይ ይገኛል። ውስጡ ክፍል በክፍል ነው፤ መጨረሻው ላይ ንጉሡ ጎቦል ይጠብቃችኋል። በአንድ ውጊያ እስከ ስምንት ሰው መግባት ይቻላል፣ ነገር ግን አራት የሚግባቡ ሰዎች ከስምንት የማይተዋወቁ ይሻላሉ። ሌቭላችሁ የተቀራረበ ይሁን። አንድ ፊት የሚቆም፣ አንድ ፈዋሽ፣ ሁለት ከሩቅ የሚመቱ ቢሆኑ ጥሩ ነው። ኤኑትሮፍ ካገኛችሁ ውሰዱት፤ አንዳንድ ብርቅ ዕቃ የቡድኑ የፍለጋ ነጥብ ድምር የተወሰነ ልክ ካልደረሰ ጨርሶ አይወድቅም።

ከመግባታችሁ በፊት እነዚህን ተነጋገሩ፦ መጀመሪያ የሚመታው የትኛው ነው፣ ፊት የሚቆመው ማን ነው፣ ፈዋሹ ከማን ጀርባ ይቆማል። አንድ ጭራቅ እስኪሞት ሁላችሁም እሱን ምቱ። አራት ጭራቅ ግማሽ ግማሽ ሕይወት ቢቀራቸው አሁንም አራት ጊዜ ይነክሳሉ፤ ሁለቱ ከሞቱ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ። በየክፍሉ መካከል ሁላችሁም ተቀመጡ፣ ሕይወታችሁ እስኪሞላ ጠብቁ። የሚቸኩል ሰው ካለ ዳቦ ስጡት።

ንጉሡ ክፍል ስትገቡ ትናንሾቹን መጀመሪያ አጥፉ። ፊት የሚቆመው ሰው ንጉሡን ጥግ ላይ ይያዘው፤ የቀራችሁት ከሱ እርምጃ አንድ ካሬ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። የመጀመሪያዋን ተራ ለመምታት ሳይሆን ለመቁጠር ተጠቀሙባት፤ ስንት ካሬ እንደሄደ፣ ከስንት ካሬ እንደመታ። ሁለተኛዋ ተራ ላይ የት እንደምትቆሙ ታውቃላችሁ።